ከሐዘን በኋላ የሚጠብቀን የጠዋት ሥራ

የትዳር ጓደኛቸውን በሞት ለተነጠቁ ምእመናንና እነርሱን ለሚያጽናኑ ካቴኪስቶች የቀረበ ስብከት

ንባባት፦ ዘፍ. 23፥1-20፤ ዮዲት 8፥1-8፤ ሉቃ. 2፥36-38



ሞት ከቤተ ሰብ መካከል አንዱን ሲወስድ ሁሉንም ነገር ይዞ አይሄድም። ባል ሲሞት ኮርቻው ከግድግዳው ላይ፣ ልጓሙ ከምሰሶው ላይ፣ ፈረሱም ከጋጣው ውስጥ ይቀራል። ሚስት ስትሞት ላሚቱ የለመደችውን እጅ፣ ዶሮዎቹ የለመዱትን ድምፅ፣ ድመቲቱም ከምድጃው ዳር የለመደችውን ሰው ይፈልጋሉ። ለቅሶ ደራሹ ተሰናብቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ የዕድሩ ዕቃ ከተመለሰ በኋላ ብቻውን የቀረው ሰው አፍ ከሌላቸው ከእነዚህ ፍጥረታት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ዛሬ በእግዚአብሔር ቃል ብርሃን ልንመለከተው የምንወደው ይህን ሰዓት ነው።

ፈረስ በሕዝባችን ዘንድ እንደ ማንኛውም የጭነት ከብት ተቆጥሮ አያውቅም። ታላላቆቻችን በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላም አባ ነጋ ተብለዋል። በአዊ ምድር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ የወደቁትን አርበኞች ብቻ ሳይሆን ፈረሶቻቸውንም ያስባል። በብዙ የደጋ አካባቢዎችም ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን እንደ ተጫነ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ በለቅሶው አደባባይ መካከል መመራቱ የቆየ ልማድ ነው። ያ ባዶ ኮርቻ አልቃሹ ሁሉ በቃል ሊናገረው ያልቻለውን ይናገራል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለ። ከለቅሶው አደባባይ የተመለሰውን ያንን ፈረስ በማግሥቱ ጠዋት ውኃ የሚያጠጣው ማን ነው?

1. ማልቀስ የእምነት ጉድለት አይደለም

አንዳንድ ሰዎች የሚያጽናኑ መስሏቸው መበለቲቱን «አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ታስቀይሚያለሽ» ይሏታል። ይህ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። አባታችን አብርሃም የእምነት አባት ሆኖ ሳለ ለሣራ አልቅሷል። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስም አልዓዛርን ሊያስነሣው መሆኑን እያወቀ በመቃብሩ አጠገብ እንባውን አፍስሷል (ዮሐ. 11፥35)። ጌታ ያፈሰሰውን እንባ ከአገልጋዮቹ የሚከለክል ማን ነው?

ጠቢቡ ሲራክ ግን ሁለቱንም ወገን ይመክራል። ለሞተ ሰው እንደሚገባው እንድናለቅስና በክብር እንድንቀብረው ካዘዘ በኋላ፣ ልባችንን ለዘላለም ለሐዘን አሳልፈን እንዳንሰጥ ያስጠነቅቃል፤ ይህ ዓይነቱ ሐዘን ለሟቹ ምንም ሳይጠቅም ሕያዉን ይጎዳልና (ሲራክ 38፥16-23)። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2016 «የፍቅር ሐሴት» በተሰኘው ሐዋርያዊ ምክራቸው ስለ ሐዘንተኛ ቤተ ሰቦች ሲጽፉ፣ ሐዘን ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚጠይቅና እረኛውም ከሐዘንተኛው እርምጃ ጋር መራመድ እንዳለበት አስተምረዋል (ቁ. 253-258)። ስለዚህ ሐዘንተኛን የሚያስቸኩል ሰውም፣ በሐዘን ውስጥ ለዘላለም እንዲቀመጥ የሚያስገድደው ሰውም፣ ሁለቱም ከመንገድ ወጥተዋል።

2. አብርሃም ምን አደረገ?

የኦሪት ዘፍጥረትን ምዕራፍ 23 በጥሞና ስናነብ አብርሃም ሦስት ነገሮችን በተርታ እንዳደረገ እንመለከታለን። መጀመሪያ አለቀሰ። ቀጥሎ ከሟቿ ፊት ተነሣ። ከዚያም ወደ ከተማይቱ በር ሄዶ ከኬጢ ልጆች ጋር ተነጋገረና 400 ሰቅል ብር መዝኖ የመክፌላን እርሻ ከዋሻው ጋር ገዛ። መነሣቱ ሣራን መርሳት አልነበረም፤ የተነሣው ለእርስዋ ሊሠራላት ነው። የመጀመሪያው እርምጃው ከፍቅር የወጣ ሥራ ሆነ።

ከዚህ ምዕራፍ ቀጥሎ የሚመጣው ታሪክ ደግሞ ለዛሬው ነገራችን ትልቅ ትርጉም አለው። አብርሃም ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን ከዐሥር ግመሎች ጋር ላከው። ሎሌው በውኃው ጉድጓድ አጠገብ ቆሞ ከእግዚአብሔር የለመነው ምልክት ምን ነበር? የልጅቱ መልክ ወይም ሀብት አልነበረም። ለእርሱ ውኃ ሰጥታ ለተጠሙት ግመሎቹም ሳትጠየቅ የምትቀዳ ልጅ እንድትመጣ ለመነ (ዘፍ. 24፥14)። ርብቃም መጣች፤ ግመሎቹ እስኪረኩ ድረስ እየተመላለሰች ቀዳች። በምዕራፉ ፍጻሜ ይስሐቅ ርብቃን ወደ እናቱ ወደ ሣራ ድንኳን እንዳገባትና በእናቱ ሞት ከደረሰበት ሐዘን እንደተጽናና እናነባለን። እንግዲህ ልብ እንበል፤ መጽናናት ወደዚያ ሐዘንተኛ ድንኳን የገባው ለእንስሳ በምትራራ እጅ በኩል ነው።

3. እንስሳው የሚያስተምረን

ፈረስ በቀን እስከ 30 ሊትርና በሙቀት ወቅት ከዚያም የበለጠ ውኃ ሊጠጣ ይችላል። ሆዱ ከአካሉ ግዝፈት አንጻር ትንሽ ስለሆነ አንድ ጊዜ በብዛት ሰጥቶ መተው አይቻልም፤ በትንሽ በትንሹ ደጋግሞ መመገብ ይፈልጋል። ሰኮናው ካልጸዳ ይበሰብሳል፤ ጀርባው በማይገጥም ኮርቻ ይቆስላል፤ ለረጅም ጊዜ ታስሮ ቢቆም ይታመማል። ባዝራ ስትፀንስ 11 ወር ገደማ ትሸከማለች፤ ውርንጭላዋም ከተወለደ በኋላ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በሚንቀጠቀጡ እግሮቹ ቆሞ ጡት ይፈልጋል። ባል በሞተበት ዓመት የተፀነሰው ውርንጭላ የሙት ዓመቱ ሲደርስ በግቢው ውስጥ ይሮጣል። ሕይወት ፈቃዳችንን ሳይጠብቅ እንዲህ ይቀጥላል።

ሐዘንተኛ ሰው ከመኝታው የሚነሣበት ምክንያት ሲያጣ፣ የተራበው ፈረስ በጋጣው ውስጥ መሬቱን በሰኮናው ይደበድባል። ውሻው በሩን ይጭራል። እነዚህ ፍጥረታት «በርቺ» ወይም «በርታ» ብለው የሚመክሩበት አንደበት የላቸውም፤ ነገር ግን ለዚህች ጠዋት ብቻ የሚበቃ ሥራ ይሰጣሉ። የሚመጣው ዓመት እንዴት ይገፋል ብላ ስትጨነቅ ያደረች ሴት አንድ ባልዲ ውኃ መቅዳት ግን ትችላለች። ጌታችን የዕለት እንጀራን እንድንለምን ሲያስተምረን የዓመቱን ሁሉ አንድ ጊዜ እንድንጠይቅ አላለንም፤ ጸጋውም እንዲሁ በየዕለቱ ልክ ይሰጣል።

ቅዱሳት መጻሕፍት ይህን ሥራ ንቀው አያልፉትም። ጻድቅ ሰው የእንስሳውን ነፍስ እንደሚያስብ መጽሐፈ ምሳሌ ያስተምራል (ምሳ. 12፥10)። የሰንበት ዕረፍት ለበሬውና ለአህያውም ጭምር ተሰጥቷል (ዘጸ. 23፥12)። ሲራክም ከብት ያለው ሰው ከብቱን እንዲጠብቅ ይመክራል (ሲራክ 7፥22)።

በዚህ ረገድ ዮዲት ለመበለቶች ሁሉ ታላቅ አብነት ናት። ባልዋ ምናሴ በገብስ አጨዳ ወራት ፀሐይ መትቶት ሞተ። ወርቅና ብር፣ ሎሌዎችና ገረዶች፣ ከብትና እርሻም ትቶላት ነበር፤ እርስዋም ይህን ሁሉ ይዛ ኖረች (ዮዲት 8፥7)። ማቅ ለብሳ በቤትዋ ሰገነት ላይ ትጾምና ትጸልይ ነበር፤ ከብቱም አልተበተነም፣ እርሻውም ጠፍ አልሆነም። ከሦስት ዓመት በላይ በዚህ አኳኋን ከኖረች በኋላ ከተማዋ በተከበበች ጊዜ፣ ሽማግሌዎቹ ተስፋ ሲቆርጡ፣ ጸንታ የተገኘችው እርስዋ ነበረች። ያ ጽናት በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ በጸሎትና በየዕለቱ የቤት አስተዳደር ውስጥ ሲታነጽ የኖረ ነው።

በየገጠሩ «ፈረስ የወንድ ነው፤ ሴት ምን ታደርግበታለች?» እየተባለ ባልዋ የሞተባት ሴት ሐዘንዋ ሳይበርድ ከብቱን በርካሽ እንድትሸጥ የምትገፋበት ጊዜ አለ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሟች ዘመድ ነን ባዮች ከጋጣው ፈትተው ሲወስዱት ነው። ይህ በእግዚአብሔር ፊት የመበለት ቤት መዝረፍ ነው፤ ጌታችንም ረጅም ጸሎት እየጸለዩ የመበለቶችን ቤት የሚበሉትን ጸሐፍት በግልጽ ገሥጿቸዋል (ማር. 12፥40)። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የአገራችን ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደርና በውርስ እኩል የመታየት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ መበለቲቱ ቢያንስ አርባው እስኪወጣ ድረስ ምንም ነገር እንዳትሸጥ፣ ንብረቱም በታመኑ ምስክሮች ፊት እንዲቆጠር መምከር የሐዋርያዊ አገልግሎት አንዱ ክፍል ነው።

ሚስቱ የሞተችበት ወንድም የራሱ ፈተና አለው። ወደ ጓዳ ገብቶ የማያውቅ ሰው ምድጃው ሲቀዘቅዝ ወደ መጠጥ ቤት ሊያመራ ይችላል። ላሚቱን ማለብ፣ ዶሮዎቹን ማስገባት፣ ልጆቹን ማብላት ወንድነቱን አይቀንስበትም። ሟቿ በየቀኑ በዝምታ ስትሠራው የኖረችውን ሥራ በእጁ ሲሠራው ምን ያህል ትወደው እንደ ነበር ያን ጊዜ ይገባዋል፤ ያ መረዳትም ራሱ ጸሎት ይሆንለታል።

ልጆችንም አንርሳ። «አባትህ መንገድ ሄዷል» እየተባለ የሚታለል ልጅ በየማታው ከበሩ ላይ ይጠብቃል። እውነቱ በዕድሜው ልክ ይነገረው፤ የክርስቶስ ትንሣኤም አብሮ ይነገረው። ከዚያም ውርንጭላውን ወይም ቡችላውን በአደራ ቢሰጡት መልካም ነው። ለሌላ ፍጥረት ማሰብ የጀመረ ልጅ ብቻውን የተተወ አይመስለውም።

4. ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ይህን ሁሉ ከተናገርን በኋላ ወሰኑንም ማመልከት ይገባል። አባቶቻችን «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላሉ። መዝሙረኛው ዳዊትም ፈረስ በጉልበቱ ብዛት ሊያድን እንደማይችል አስቀድሞ መስክሯል (መዝ. 33፥17)። እንስሳ እስከ ጠዋቱ ሥራ፣ እስከ ጎረቤት ደጅ፣ እስከ ቤተ ክርስቲያን በር ያደርሰናል፤ ከሞት ጋር የተዋጋውና ድል ያደረገው ግን ክርስቶስ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ይህን ሚዛን በግልጽ ያስቀምጣል (ቁ. 2416-2418)። እንስሳት የእግዚአብሔር ፍጥረታት ስለሆኑ ደግነት ይገባቸዋል፤ ያለ ምክንያት ማሠቃየታቸውም የሰውን ክብር ይቃወማል። ልንወዳቸው ይገባል፤ ነገር ግን ለሰው ብቻ የሚገባውን ፍቅር ለእነርሱ ልንሰጥ አይገባም፤ የተቸገረ ሰው የሚረዳበትንም ገንዘብ ቅድሚያ ለእነርሱ ማዋል ተገቢ አይደለም። ውሻዋን አቅፋ በርዋን የዘጋች፣ የሰው ፊት ማየት የጠላች እኅት ብትኖር ውሻው ኃጢአት አልሆነባትም፤ የተዘጋው በር ግን ሊከፈት ይገባል።

የኢዮብን መጽሐፍ ፍጻሜ አስተውሉ። መጀመሪያ 7,000 በጎች፣ 3,000 ግመሎች፣ 500 ጥማድ በሬዎችና 500 አህዮች ነበሩት፤ በመጨረሻ 14,000 በጎች፣ 6,000 ግመሎች፣ 1,000 ጥማድ በሬዎችና 1,000 አህዮች ተሰጡት። ከብቱ ሁሉ እጥፍ ሆነ። ልጆቹ ግን አስቀድሞ ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች እንደ ነበሩ፣ በኋላም ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ሆኑ። ለምን እጥፍ አልሆኑም? ከብት በከብት ይተካል፤ ሰው ግን በሰው አይተካም። የሞቱት ልጆቹ በእግዚአብሔር ዘንድ አልጠፉምና ከኋለኞቹ ጋር ሲቆጠሩ ያን ጊዜ እጥፍ ይሆናሉ። የእናንተም ሟች ከቁጥር አልጎደለም፤ አልጎደለችምም።

በመጽሐፈ ጦቢትም አንድ ውሻ እናገኛለን። ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር ውሻው ተከተላቸው፤ ሲመለሱም አብሯቸው ነበር (ጦቢት 6፥1፤ 11፥4)። ያ መንገድ ወዴት ይወስድ ነበር? ሰባት ባሎች ሞተውባት፣ ተሰድባ፣ በራስዋ ላይ ሞትን እስከ መመኘት ወደ ደረሰችው ወደ ሣራ ቤት ነበር። ሣራ አባትዋን አስባ ከክፉው አሳብ ተመለሰች፤ ወደ መስኮቱ ዘወር ብላም ጸለየች፤ ጸሎትዋም ተሰማ (ጦቢት 3፥7-17)። ውሻው መልአኩን አልተካም፤ መልአኩ በሚመራው መንገድ ላይ አብሮ ሄደ እንጂ። እንስሶቻችንም ስፍራቸው ይህ ነው። ከሐዘን ብዛት ሞትን የሚመኝ ሰው በመካከላችን ቢኖር ግን ለብቻው አይተው፤ ሌሊትም ቢሆን ሰው ይደርበት፤ ካህኑም ሐኪሙም ይጠሩ።

የሟቹ ፈረስ በተራው ሲሞት ወይም ከችግር የተነሣ ሲሸጥ ሐዘኑ እንደ አዲስ ሊያገረሽ ይችላል። ይህም አያሳፍርም። መሸጥ ግድ ከሆነ ለሚራራለት ሰው መሸጥ፣ ዋጋው በጥቂት ቢቀንስም፣ ለሟቹ መታሰቢያ የሚሆን ምጽዋት ነው።

5. ይቅርታና አዲስ መንገድ

ባልዋን ፈረስ ጥሎት የሞተባት ሴት ያንን ፈረስ ማየት ሊያንገሸግሻት ይችላል። ባልዋ በሌላ ሰው ስሕተት የሞተባት ደግሞ ከዚህ የባሰ ትግል አለባት። የፈረንሳይዋ ቅድስት ዮሐና ፍራንሷዝ ደ ሻንታል እ.ኤ.አ. በ1601 ባልዋ በአደን ላይ ሳለ አብሮት የነበረ ሰው በስሕተት ተኩሶ መታው። የ28 ዓመት ሴት ነበረች፤ አራት ልጆችም ነበሩዋት። ባልዋ ከመሞቱ በፊት ለመታው ሰው ይቅርታ ሲያደርግለት፣ ለእርስዋ ግን ያንን ሰው ፊት ለፊት ማየት ዓመታት ወሰደባት። በ1604 ያገኘችው መንፈሳዊ አባትዋ ቅዱስ ፍራንሷ ደ ሳል በግድ አልገፋትም፤ ነገር ግን አጋጣሚው ሲመጣ የልብዋን በር እንዳትዘጋ መከራት። በመጨረሻ ለዚያ ሰው ልጅ የክርስትና እናት ሆነች። በ1610ም ከመንፈሳዊ አባትዋ ጋር የጉብኝተ ማርያም ማኅበርን መሠረተች። ይቅርታ እንደ ውርንጭላ ነው፤ ለመወለድ ወራቱን ይፈልጋል፣ ሲወለድም እግሩ ይንቀጠቀጣል።

ዳግመኛ ስለ ማግባት ብዙዎች በስውር ይጠይቃሉ። ቅዱስ ጳውሎስ መበለት በጌታ ይሁን እንጂ የወደደችውን ለማግባት ነጻ መሆኗን ያስተምራል (1ቆሮ. 7፥39)። አብርሃም ከሣራ በኋላ ኬጡራን አግብቷል። ነቢይቱ ሐና ግን ከባልዋ ጋር ሰባት ዓመት ከኖረች በኋላ እስከ 84 ዓመት ዕድሜዋ መበለት ሆና በመቅደስ አገለገለች፤ ሕፃኑን ኢየሱስንም ካዩት መካከል ለመሆን በቃች። ሁለቱም መንገዶች የተባረኩ ናቸው። ዳግመኛ ማግባት በሟች ላይ ክህደት አይደለም፤ ብቻን መኖርም እርግማን አይደለም። የማይፈቀደው መገደድ ነው። መበለትን ከከብቱ ጋር ቆጥሮ ለባልዋ ወንድም የሚያወርስ ልማድ በነጻ ፈቃድ ላይ የቆመውን የምሥጢረ ተክሊልን ክብር ያፈርሳል።

6. የቁምስናው ድርሻ

ቅዱስ ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲገልጽ፣ ድሀ አደጎችንና መበለቶችን በመከራቸው መጠየቅን ያስቀድማል (ያዕ. 1፥27)። እኛ ግን እስከ ሠልስቱ እንጎርፋለን፣ በአርባው እንታያለን፣ ከዚያ በኋላ ግን እንጠፋለን። ካቴኪስቶች ሆይ፣ ጉብኝታችሁን ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ጀምሩ። ባዶ እጃችሁን ከመሄድ ይልቅ አንድ ሸክም ሣር ይዛችሁ ሂዱ። የሟቹን ስም ለመጥራት አትፍሩ፤ ሐዘንተኛው የሚፈራው የሟቹ ስም እንዳይረሳ ነውና። ወጣቶች ተራ ገብተው ፈረሱን ወንዝ ያውርዱ፤ ሣር ያጭዱ፤ ልጓም መያዝ የምታውቅ ሴት ለማታውቀው ታስተምር። የሙት ዓመቱ ሲደርስ ቅዳሴ ተቀድሶ ለነፍሱ ይጸለይ፤ የተስካሩ ወጪ ግን መበለቲቱን ለዕዳ እንዳይዳርግ ሽማግሌዎች ይምከሩ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን ባለፈው ዓመት የትዳር ጓደኛቸውን ያጡ እነማን ናቸው? ከአርባው ወዲህ ማን ጎበኛቸው?
2. የመበለትን ንብረት የሚነካ ልማድ በአካባቢያችን አለን? እንዴት እንቃወመዋለን?
3. ርብቃ ለተጠሙት ግመሎች ያሳየችው ርኅራኄ ስለ ልብዋ ምን ይነግረናል?
4. ለሐዘንተኛ ሕፃን ስለ ትንሣኤ በምን ቃል እንነግረዋለን?

ጸሎት

በበረት የተወለድህና በግርግም የተኛህ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ሆይ፣ በናይን ከተማ በር የመበለቲቱን እንባ አይተህ የራራህ አንተ ነህ። የትዳር ጓደኞቻቸው ወደ አንተ የቀደሟቸውን አገልጋዮችህን ተመልከት። ለዛሬ ጠዋት የሚሆን ኃይል ስጣቸው፤ በእጃቸው ያሉትንም ፍጥረታት ባርክላቸው። ሟቾቻቸውን በመንግሥትህ አሳርፍ፤ እኛንም የተቸገረ ጎረቤት ደጅ የምንረግጥ አድርገን። በእናትህ በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ ለዘላለሙ፤ አሜን።